እጄ ያልደረሰበት ጎተራ

በባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር የነበረኝን የእህል መጋዘን ያስረከብሁት ባለፈው ዓመት ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ ጉልበቴ ደከመ እላለሁ፤ ውሸትም አይደለም። ዋናዋ ምክንያት ግን ከእጅ ባትሪ የማትበልጥ አንዲት መሣሪያ ናት። ገዥ በኪሱ ይዟት ይመጣል፤ ጥቂት የበቆሎ ፍሬ ያጎርሳታል፤ እሷም የእርጥበቱን ልክ በቁጥር ታወጣለች። ገዥው ቁጥሩን አይቶ ይወስናል፤ እኔ አጠገቡ የጆንያ አፍ ይዤለት እቆማለሁ። መሣሪያዋ ጉልበቷን አያማትም፣ ሰው ቆሞ ሲጠብቃትም አትቸኩልም። አልጠላኋትም። ያን ጊዜ ብትኖረኝ ኖሮ የዚህን ጽሑፍ ግማሽ አልጽፈውም ነበር፤ እስካሁን የምባንንበትን ሕልምም አላልምም ነበር።

እኔ ነግጄ የኖርሁት በአንድ ቃል ነው። በእህል ገበያ «ጥሩ ነው» ማንም ይላል፤ ደላላውም ይላል፣ አላፊ አግዳሚውም ይላል። «ጤነኛ ነው» የሚለው ግን እጁን እስከ ክርኑ ጆንያ ውስጥ ከትቶ ያወጣ ሰው ብቻ ነው። ያ ቃል ከወጣ ገዥ ጆንያውን አይፈታም፣ አያበጥርም፣ አይከራከርም፤ ያስጭናል። እህሉ ኋላ ቢበላሽ ተጠያቂው ቃሉን ያወጣው ነው። ውል የለም፣ ማኅተም የለም። አንድ ጊዜ ቃሉ የታጠፈበት ነጋዴ ግን ገበያ መሀል ቆሞ «ጤነኛ» ቢል ሰው እንደ ሳል ነው የሚሰማው።

ቃሉን ከሐኪም ቤት የተዋስነው በከንቱ አይደለም። እህል ይታመማል። እርጥበቱን ሳይለቅ ጆንያ ውስጥ የታሰረ በቆሎ መጀመሪያ ያተኩሳል፤ ከዚያ ያልበዋል፤ ከዚያ ይሻግታል። ስለዚህ ትኩሳታም፣ ድውይ፣ ያገገመ እያልን እናወራለን። አንድ ቀን ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ ዱርቤቴ ከተማ ካለው ነጋዴዬ ተደወለልኝና «ሁለቱ አልቀዋል፣ አውጥተህ ጣላቸው፤ ሦስቱ ትኩሳት ስለያዛቸው ፀሐይ ላይ አስጣቸው፤ የቀሩት ጤነኞች ናቸው» አልሁት። አጠገቤ የነበሩ አንዲት ሴትዮ ልጃቸውን አንሥተው ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ሥራው ምላሴ ላይ ተጣብቆ ቤት ድረስ ተከተለኝ። ለልጆቼ «ጤነኛውን ወንበር አምጡ» እላለሁ። ጥቁር ደመና ሳይ «ይኼ ጤነኛ ዝናብ አይመስለኝም» እላለሁ። የሐሙሲት መንገድ ሲቆፈር መንገዱ ታሞ ከረመ፤ ሲጠገን አገገመ። ባለቤቴ ዓለሙ ኮሌጅ አስተማሪ ነው፤ በደሞዝ የሚኖር ሰው ስለሆነ ቃል በነፃ የሚሰጥ ይመስለዋል። በስሜ ጠርቶ «ይታይሽ፣ በርበሬው ጤነኛ ነው ስትዪ ምርመራ አድርጎ ነው?» ይለኛል። እኔም «አንተ መርምረህ ያሳለፍኸውን ተማሪ ሁሉ ጤነኛ ነው ትላለህ?» እለዋለሁ። በዚህ እንስቃለን። ቃሉ ምን ያህል ርካሽ እየሆነብኝ እንደ ሄደ ያን ጊዜ አላስተዋልሁም።

ሥራ የጀመርሁት ገና ልጅ ሳለሁ በእህል ለቃሚነት ነው። መጀመሪያ የቀጠረችኝ ባለ መጋዘን ጆንያ የምታዘጋጅበት የራሷ ዘዴ ነበራት፤ አናቱ ሙሽራ፣ እግሩ ለማኝ። ከላይ ያበራል፣ ከሥር ነቀዝ ይርመሰመሳል። እኔ ሙሽራውን ለቅሜ አወጣለሁ፤ እሷ ለማኙ ላይ ትደፋዋለች። የምትከፍለኝ ነጠላ አይገዛም ነበር። ያም ሆኖ ጆንያ በአናቱ እንደማይታመን ከእሷ ነው የተማርሁት።

ከእሷ ዘንድ ወጥቼ ሐሙሲት ሄድሁ። የጎንደር አውቶቡሶች ቆመው ሻይ የሚጠጣባት የመንገድ ዳር ከተማ ናት፤ ገበያዋም ሞቅ ያለ ነው። እዚያ አያ በላቸውን አገኘሁ። ስድሳ ዓመት የተጠጋቸው፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። የራሳቸው እህል አልነበራቸውም። ነጋዴው የሚቀጥረው እጃቸውን ነው።

አያ በላቸው ከሥራ በፊት ሻይ አይነኩም። የሻይ ብርጭቆ የያዘ እጅ ይዋሻል ይላሉ። ውኃ በጣሳ ያስመጡና ቀኝ ክንዳቸውን እስከ ክርን ይታጠባሉ፤ በጋቢያቸው ጫፍ ያደርቃሉ፤ ከዚያ እጃቸውን አንጠልጥለው፣ የራሱን ሙቀት እስኪረሳ ድረስ፣ ዝም ብለው ይቆማሉ። ሲከቱ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ዓይን ካየ እጅ ይሰንፋል። ጆንያው ውስጥ እያሉ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ፤ ከዚያ በፊት አያወጡም። ሙቀቱን በመዳፋቸው አይፈልጉትም፤ መዳፍ ሥራ ያደነደነው ነው። የሚያዳምጡት በክንዳቸው ውስጠኛ ሥጋ ነው። ሲያወጡ ክንዳቸውን ያሸታሉ። በመጨረሻ አንድ ፍሬ በመንጋጋቸው ይሰብራሉ፤ ደረቁ ቀጭ ይላል፣ እርጥቡ እንደ ሰም ጥርስ ይቀበላል።

መጀመሪያ ቀን እጄን አስከትተው «ምን አገኘሽ?» አሉኝ።

«ጥሩ ነው፣ አያ።»

«ጥሩስ አንቺም ነሽ። እኔ በቆሎውን ነው የጠየቅሁሽ።»

ዓመት ሙሉ «ጤነኛ» እንድል አልፈቀዱልኝም። እከታለሁ፣ አወጣለሁ፣ ያገኘሁትን እነግራቸዋለሁ፤ ቃሉን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። አንድ ሕግ ነበራቸው፤ እንደ ጸሎት ያስደግሙኝ ነበር። መንገድ የመጣ እህል እንግዳ ነው፤ ሳያድር አይጠየቅም። ፀሐይ ሲመታው ከዋለ ጤነኛው ትኩሳታም ይመስላል፤ ውርጭ ሲመታው ካደረ ደግሞ ትኩሳታሙ ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ ከጣሪያ ሥር ይደር። ሲጠየቅም ከጭነቱ አናት ሳይሆን ከጭነቱ ሆድ የነበረው ጆንያ ይጠየቅ።

በመጨረሻ ባሕር ዳር ገባሁ፤ አገባሁ፤ ግሽ አባይ የራሴን መጋዘን ከፈትሁ። ከደንበኞቼ ሁሉ የማከብረው አንድ ገዳም ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ጣና ላይ ካሉት የወንዶች ገዳማት አንዱ ነው። ሴት ከጀልባ መውረጃው ድንጋይ አታልፍም። ዘጠኝ ዓመት በቆሎና ባቄላ ሸጥሁላቸው፤ እህሌ የሚያድርበትን ቤት ግን አንድም ቀን አላየሁትም። ለመግዛት የሚመጡት መጋቢው አባ ተክለ ወልድ ነበሩ። በእርሻ የኖሩ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ንግግራቸው አጭር አባት ናቸው። ይመጣሉ፣ ይባርኩኛል፣ «ወለተ ሥላሴ፣ ጤነኛ ነው?» ይላሉ፤ እኔ «ጤነኛ ነው፣ አባቴ» እላለሁ፤ ያስጭናሉ። ወለተ ሥላሴ የክርስትና ስሜ ነው፤ ከእናቴና ከእሳቸው በቀር የሚጠራኝ አልነበረም።

በዘጠነኛው ዓመት ኅዳር ላይ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። በቆሎ በየማሳው ተቆርጦ እንደ ቆመ ረጠበ። ዱርቤቴ ያለው ነጋዴዬ ግን ሃያ ስድስት ኩንታል ደረቅ አግኝቻለሁ አለኝ። ታኅሣሥ ነበር፣ የነቢያት ጾም። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሸራ እንኳ ሳይለብስ ሜዳ ላይ አድሮ ጧት ደረሰ። አባ ተክለ ወልድ ቀድመው መጥተው ይጠብቃሉ። ጀልባቸው ወደቡ ላይ ቆማለች። ጣና ከቀትር በኋላ ንፋሱ ይነሣል፤ ሃያ ኩንታል የጫነች ጀልባ በጧት ካልወጣች አትወጣም።

እህሉ መንገደኛ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ሳያድር እንደማይጠየቅም አውቃለሁ። እጄን ታጠብሁ፣ አደረቅሁ፤ ለመርሳት ግን ጊዜ አልሰጠሁትም። ወዛደሮቹ ከአናት እያወረዱ ስለ ነበር ያገኘሁት የአናቱን ጆንያ ነው። ሦስት ከፈትሁ። ሦስቱም እንደ ጕድጓድ ውኃ ቀዘቀዙኝ። ሌሊቱን ሙሉ ውርጭ የመታው ጆንያ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል? ያን ጧት ከሰማሁት ሁሉ የቀረኝ የራሴ ድምፅ ነው፤ ልክ ቤት ውስጥ ስለ ወንበር እንደምለው ቀለል አድርጌ፣ «ጤነኛ ነው፣ አባቴ» አልሁ። አስጫኑ። ስድስቱ ጆንያ እኔ ዘንድ ቀረ።

በአራተኛው ቀን ጧት መጋዘን ስገባ ድመቷን አየሁ። ለአይጥ ያስቀመጥኋት ድመት ናት፤ በታኅሣሥ ብርድ ጧት ጧት ደጅ ወጥታ ፀሐይ ላይ ትዘረጋለች እንጂ ውስጥ አትገኝም። ያን ቀን ከስድስቱ ጆንያ አንዱ ላይ ሆዷን አስተኝታ ታንኮራፋለች። አንሥቼ አስቀመጥኋት፤ ተመልሳ እዚያው ላይ ወጣች። ጆንያውን ፈትቼ ክንዴን ከተትሁ። አቡነ ዘበሰማያት ለመድገም አልደረስሁም፤ «አቡነ» ስል አወጣሁት። በቆሎው ትኩሳት ይዞታል። ያንን ትቼ ሁለተኛውን ፈታሁ፤ እሱም ሞቋል። የቀሩት አራቱ ደኅና ነበሩ። ከስድስት ሁለት ከሆነ ከሃያው ስንት እንደሚሆን ማስላት አላስፈለገኝም። ወደ አእምሮዬ የመጣው ሌላ ነገር ነው፤ አባ ተክለ ወልድ አንድ ቀን በጨዋታ መሀል አዲሱን እህል ከአሮጌው ጋር አንድ ጎተራ ውስጥ እንደሚገለብጡት ነግረውኝ ነበር።

የታመመ እህል ጤነኛው ላይ ሲደፋ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሁሉ እንዴት እንደደነገጥሁ ይገባዋል። ዓመቱን የሚበሉት ጎተራ ነው። ደግሞም መነኮሳቱ ያገኙትን አመስግነው የሚበሉ ሰዎች ናቸው፤ ሻጋታ ቢቀምሱ ጾም ነው ብለው ይውጡታል እንጂ አይተፉትም።

ስልክ ደወልሁ፤ ዝግ ነው። የአባ ተክለ ወልድ ስልክ ባትሪው የሚሞላው ከተማ ሲመጡ ነው። ጎረቤቴ የሆነው የጤፍ ነጋዴ ድንጋጤዬን አይቶ ነገሩን ጠየቀኝና፣ ዝም ብትዪ ይሻልሻል አለኝ፤ እህል ጀልባ ላይ ውኃ ነክቶት ይሆናል ብለው ያልፉታል፣ ራስሽ ሄደሽ ከተናገርሽ ግን ነገ ወደቡ ላይ የሚያወራው ሌላ ወሬ አይኖርም፤ ደግሞስ ሴት ነሽ፣ ብትሄጂ ምን ታደርጊያለሽ፣ ከድንጋዩ አያሳልፉሽ። የመጨረሻው ነጥቡ እውነት ነበር። የቀረውም ቢሆን ከእውነት አይርቅም ነበር፤ ለዚህ ነው ያናደደኝ።

አያ በላቸው ያን ጊዜ ባሕር ዳር ከልጃቸው ዘንድ ነበሩ፤ አርጅተው ከቤት አይወጡም። ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው። የውርጩን ነገር ሳልደብቅ ስናገር ዓይናቸውን ጨፈኑ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«እጅሽ አልዋሸሽም» አሉኝ። «አንቺ ነሽ ያጣደፍሽው። አሁን ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

አንዳርጌ የሚባል ጀልባ ነጂ ተከራየሁ። ቀትር ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል፤ ንፋሱ ጀምሯል። አንዳርጌ ተጫዋች ሰው ነው፤ መንገዱን ሁሉ ሞተሩ ሲንተፋተፍ «እትዬ፣ ይኼ ሞተር ጤነኛ ነው ይበሉኝማ፣ እንድጽናና» ይለኛል። ሌላ ቀን ቢሆን እመልስለት ነበር። ያን ቀን ግን ፊቴን ወደ ውኃው አዞርሁ። ውኃው ጀልባዋን በጎን እየመታ ልብሴን አራሰው፤ እኔ የማስበው ግን ስለ መስጠም አልነበረም። ስደርስ ምን ብዬ እንደምጀምር ነበር።

መውረጃው ድንጋይ ላይ ቆሜ አንዳርጌ ሽቅብ ሄዶ ጠራልኝ። አባ ተክለ ወልድ ዶማቸውን እንደያዙ ወረዱ።

«ይፍቱኝ፣ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። በዚህ ንፋስ ምን አመጣሽ?»

«ጤነኛ ነው ያልሁዎት በቆሎ ታሟል። ሳያድር ነው የጠየቅሁት፤ ውርጭ መትቶት ነበር። አውቄ ነው የቸኮልሁት።»

ዶማውን ድንጋዩ ላይ አስደገፉት። አሥራ አራቱን ኩንታል ትናንት ጎተራ ውስጥ ገልብጠነዋል፣ ስድስቱ ገና በረንዳ ላይ ነው አሉኝ። ነገ ጧት ለወፍጮ የሚቀዳውም ከዚያው ጎተራ ነው። ቀና ብዬ ሽቅብ አየሁ። በዛፎቹ መሀል የሣር ክዳኑ ጫፍ ይታያል። ለእኔ ሁለት መቶ እርምጃ አይሆንም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ሥራዬ፣ ጆንያ ለጆንያ ሲዞር የኖረ ክንዴ፣ እዚያ ድንጋይ ላይ ከእንጨት አልተሻለም።

«አባቴ፣ እርስዎ ነዎት የሚከቱት» አልሁ።

«ይህ እጅ ዶማ ሲይዝ የኖረ ነው፣ ልጄ። ሙቅና ቀዝቃዛ መለየት ከተወ ቆይቷል።»

«በእጅዎ አይደለም። በክንድዎ ውስጥ በኩል ነው።»

ከበረንዳው ሦስት ጆንያ እንዲያወርዱልኝ ለመንሁ። ሁለት መነኮሳት እየተጋገዙ አንድ በአንድ አወረዱት፤ ሁለቱም በዕድሜ ከእኔ ይበልጣሉ፣ በሸክሙ ሲያለከልኩ እየሰማሁ አንገቴን ደፋሁ። ጣና ውስጥ ክንዴን ታጠብሁ፣ በነጠላዬ አደረቅሁ፣ አንጠልጥዬ ቆምሁ። ይህን ጊዜ የፈለገ ጀልባ ቢቆም ግድ አልነበረኝም። ከተትሁ። የመጀመሪያው ትኩሳታም ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጤነኞች ናቸው፤ ቃሉን ግን አልተናገርሁትም። አባ ተክለ ወልድን እንዲታጠቡ አደረግሁ። ፊትዎን ያዙሩ አልኋቸው። በመጀመሪያው ከተው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ፤ አወጡ፤ ክንዳቸውን አቀዝቅዘው በሁለተኛው ደገሙ። እንደገና በመጀመሪያው። ሦስት ጊዜ አመላለስኋቸው። በሦስተኛው ዓይናቸው ተለወጠ።

«ጧፍ ጠፍቶ ክሩ ገና እንደሚሞቀው ነው» አሉ።

እኔ በዚያ መልክ አስቤው አላውቅም ነበር፤ ግን ልክ ያ ነው።

ሽቅብ ሄዱ። እኔ ድንጋዩ ላይ ቀረሁ። አንዳርጌ ማዕበሉ እየባሰ ነው፣ ካልተመለስን እዚሁ ልናድር ነው፣ እርስዎን ደግሞ የሚያሳድር የለም አለኝ። ከዛፎቹ ጀርባ ምን እየሆነ እንደ ሆነ አላይም፤ የአካፋ ድምፅ ብቻ እሰማለሁ። አካፋው ሲቆም ቀና እላለሁ። ስንቱን አወጡ? ከየት ጀመሩ? አባ ተክለ ወልድ ሽቅብ ወጥተው አልቧቸው ይሆናል፤ ያላበ ክንድ ደግሞ ሁሉን ቀዝቃዛ ነው ይላል። ይህን አልነገርኋቸውም። ተነሥቼ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ቆሜ «ላብዎን ያድርቁ!» ብዬ ጮህሁ። ቅጠሉ ተንሿሿ እንጂ የመለሰልኝ የለም።

ከቆይታ በኋላ አንዱ መነኩሴ ጎናቸውን ይዘው ወረዱ። የአባን ጥያቄ እንደ ተነገራቸው ሊደግሙልኝ ይጠነቀቃሉ፦ ክርኔ አካባቢ ይሞቃል፣ ጣቴ ያለበት ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ምን ላድርግ? ይህ ማለት በሽታው ላይኛው ላይ ነው፣ ወደ አሮጌው እህል ገና አልወረደም ማለት ነው። ከላይ ቀዝቃዛው እስኪደርስ ይግፈፉ፣ ቀዝቃዛው ላይ ሲደርሱም ሌላ አንድ ክንድ ይጨምሩ፣ የተገፈፈውን ድንጋይ ላይ ያስጡት፤ የተያያዘና እርጥብ ጨርቅ የሚሸተውን ግን ይቅበሩት፣ ታጥቦም ለሰው አይሆንም፣ ለዶሮም አይሆንም አልሁ። እሳቸው አንድ ጊዜ ደገሙልኝ። ሁለተኛ አስደገምኋቸው። ሄዱ።

አባ ተክለ ወልድ ሲመለሱ ፀሐይ ወደ ውኃው ዘንበል ብላለች። እስከ ትከሻቸው በበቆሎ ዱቄት ነጭ ሆነዋል። መጥተው ውኃው ዳር ቁጭ አሉ፤ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅሁ።

«ከላይ ያለው ወጥቷል» አሉ። «ከሥር ያለው ጤነኛ ነው።»

እንዲህ ሲሉ ሰማሁና አላረፍሁም። ጥያቄው ከአፌ ይፈስ ጀመር። አራቱንም ማዕዘን አይተዋል ወይ? ከግድግዳው ጥግ ከተዋል ወይ? ክንድዎን አደረቁ ወይ? እስከ ስንት ቆዩ? ሸተቱት? ሰበሩት? እሳቸው ለእያንዳንዱ አዎ፣ አዎ አሉ። እንደገና ከመጀመሪያው ልጀምር ስል ቀና ብለው አዩኝ።

«ወለተ ሥላሴ፣ አንቺ ስትነግሪኝ እኔ ጠይቄሽ አውቃለሁ?»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሳቸው ምን ላይ ቆመው እንደ ነበር የገባኝ በዚያ ቀን ነው። የማያዩት ጆንያ፣ የማያውቁት እጅ፣ ከአንዲት ነጋዴ አፍ የወጣች አንዲት ቃል። እሷን ይዘው ጀልባ ላይ ይወጡ ነበር፤ ሌሊቱን ተኝተው ያድሩ ነበር። እኔ ግማሽ ቀን አልቻልሁትም።

በዚያው ማዕበል ተመለስን። በሳምንቱ የተቀበረውን ያህል ጤነኛ በቆሎ ልኬላቸዋለሁ፤ እሱን የጠየቅሁት ሁለት ቀን አሳድሬ፣ ከሆዱ ነው። ወሬው ጎረቤቴ እንዳለው ወደብ ደረሰ። ሁለት ደንበኞች ተዉኝ፤ አንዱ እስከ ዛሬ ሰላምታዬን እንኳ መርምሮ ነው የሚቀበለኝ። ያን ሁሉ ቻልሁት። ያልቻልሁት ክረምቱን ነው። ዝናብ ሲጥል ያ ጎተራ ትዝ ይለኛል። ከጥግ የቀረች አንዲት ጭብጥ ትኩሳት በእርጥበቱ ብትነሣስ? አባ ተክለ ወልድ በሰኔ አልመጡም፤ በሐምሌ አልመጡም። ስልካቸው ዝግ ነው። ቤት ውስጥ «ጤነኛ» ማለት ተውሁ። ዓለሙ መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ ኋላ ግን ወንበር ሲያቀብለኝ ራሱ የወንበሩን እግር ነቅነቅ አድርጎ ነበር የሚሰጠኝ።

በጥቅምት መጡ። ደኅና ነበሩ፤ ጥቂት ከስተዋል፣ እሱም የክረምት ነው። ጎተራው እስከ መስከረም እንዳደረሳቸው እንደ ተራ ወሬ ነገሩኝ፤ እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ ፊቴን በነጠላዬ ጠረግሁ። አዲሱ ባቄላ ከጣሪያ ሥር ሁለት ቀን አድሯል። ከሆዱ ያለውን ጆንያ አስወርጄ ፈታሁና እጄን ልታጠብ ጣሳ አነሣሁ።

አባ ተክለ ወልድ ጣሳውን ከእጄ ተቀበሉኝ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ እስከ ክርናቸው ታጠቡ፣ በቀሚሳቸው ጫፍ አደረቁ፣ ክንዳቸውን አንጠልጥለው ቆሙ። ወዛደሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ከተቱ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። አወጡ፣ አሸተቱ፣ አንዲት ፍሬ ሰበሩ።

«ጤነኛ ነው» አሉ።

ሃያ ጥያቄ ምላሴ ላይ ነበር። ወደ ወዛደሮቹ ዞርሁና «ጫኑ» አልኋቸው።